ማን ልበል?

ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ከብሎክ አርባ ሁለት፣
አራተኛው ፎቅ ላይ አለኝ ጭር ያለ ቤት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ማዞሪያው ላይ ቆየሁ፣
ጎሬን ከአሰላ ጋር እያገናኘሁ።
ደንቡ አንድ ነበር፦ ካገናኘሽ ውጪ፤
የሰው ምስጢር ነው፤ ጆሮሽን አትስጪ።
ሽቦ ስሰካካ፣ ሽቦ ስነቃቅል፣
የሰው ናፍቆት ሁሉ በእጄ ሲቀባበል፣
ለራሴ የተረፈችኝ አንዲት አጭር ቃል፦
«ሀሎ፣ ማን ልበል?»

ጎረቤቴ አስካለ «ድመት ያዢ» አለችኝ፤
ድመት ከጠገበች ዞራም አታየኝ።
እኔ የምፈልገው
ተሳስቶም ቢሆን መልስ የሚሰጠኝ ነው፤
የገዛ ቃሌን ሰርቆ
መልሶ ለእኔው የሚሸጥልኝ ነው።

የእህቴ ልጅ ምዕራፍ መክራኛለች ቀድማ፦
«ደረቱ ያልተነጨ፣ ዓይኑ የጠራ፣
ስትናገሪ አንገቱን ዘንበል አርጎ የሚሰማ፤
ጫጩት ይሁን ደግሞ። ያረጀ በቀቀን
የሌላ ሰው አፍ ነው፤ አይለቅም ልማዱን።»

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጭቃው ሳይጠጥር ገና፣
ባጃጅ እያነጠረኝ በኮብልስቶን ጎዳና
ወረድኩ ወደ ገላን፣ ከሸምሱ ዘንድ፤
የቆርቆሮ አጥር፣ የአህያ መንገድ።
ሦስት ቀፎ ሰቅሏል ከጣሪያው ማገር ላይ።
(እኔ ቀፎ ሲባል የማውቀው ሌላ ነው፤
ጆሮ ላይ ሲለጥፉት የሰው አፍ የሚሸተው።)

አንደኛው አረንጓዴ፤ ደረቱን ነጭቶ ጨርሷል።
«ሙቀቱ ነው» ይላል ሸምሱ። እኔ ግን አውቃለሁ፤
መስመር ይዘህ ጠብቅ ተብሎ የተረሳ ሰው
እንዲህ ነው ጥፍሩን የሚበላው።

ሁለተኛው ጫጩት፤ ግንባሩን እርድ የነካው፤
አንገቱን ዘንበል አርጎ አፍ አፌን ያየኛል።
ልክ ምዕራፍ እንዳለችው። ብሬን ቆጠርኩ።

ያኔ ነው ሦስተኛው፣ ግራጫው፣ ጅራተ በርበሬው፣
በሴት ድምፅ የጮኸው፦
«ውሃ መጣች! ጀሪካን አውጡ! ኧረ ውሃ መጣች!»
ከጀርባ ከግቢው ሁለት ሴቶች ወጡ፣
ባዶ ጀሪካን ይዘው እየተጋፉ ሮጡ፤
ሰድበውት ተመለሱ።
«በቀን አሥር ጊዜ ነው» ሳቀ ሸምሱ።

ቀጥሎ ሳለ ወፉ።
የሽማግሌ ሳል ነው፣ ሲጋራ ያደከመው፤
ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ
«በሩን ዝጊው» አለ፤
«ሰው ይሰማናል።»

እጄ በራሱ ተነሣ፤
የሰው ወሬ መሃል ስገባ እንደለመደው
ሊነቅል፣ አየር ላይ ሽቦ ፈለገ።
«ሰውዬው የት ነው?» አልኩ።
ሸምሱ አልመለሰልኝም፤
ስምንት መቶ ብር ቀነሰ።

ምን ልበልሽ ምዕራፍ? ምክርሽ ልክ ነበር።
ለጫጩቱ ከፍዬ፣ ታቅፌው፣ ባጃጅ ላይ ወጥቼ
ሃምሳ ሜትር ሄጃለሁ።
ግን እዚያ ማገር ላይ ደዋይ አለ፣ ተቀባይ የለም፤
እንዲህ ያለ መስመር
ተንጠልጥሎ ትቼ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።

አሁን ብሎክ አርባ ሁለት
ሌሊት በጀሪካን ይራወጣል፤
አስካለ ሰላም አትለኝም።
«በሩን ዝጊው» ሲለኝ ተነሥቼ እዘጋለሁ፣
የተዘጋ ቢሆንም።
ጧት «ማን ልበል?» እለዋለሁ፤
ሱፉን ይፈለፍላል።
ማታ «ማን ልበል?» እለዋለሁ፤
ጀርባውን ይሰጠኛል።
ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፤ ዝም።

ትናንት ሌሊት ግን፣ መብራት በጠፋበት፣
ከጨለማው ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤
የሃያ ሁለት ዓመቴን፣ ያልጎረነነውን፦
«ሀሎ፣ ማን ልበል?»
ጥቂት ዝምታ።
ከዚያ ያ ሳል። ያ ጉሮሮ መጥረግ።

ተገናኝተዋል።
እኔም እንደ ደንቡ
ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ ስቤ
ቀስ ብዬ ከመሃል ወጣሁ።